የሮቦት ጣት በጅማ ከፍታ፦ ለክሊንሩም ግሪፐር ሲመረጥ

የጨረታ ሰነድ ወይም የፕሮፎርማ መጠየቂያ ላይ «ግሪፐር፣ ለክሊንሩም የሚሆን፣ አይኤስኦ 5» የሚል አንድ መስመር ይጻፋል። ቀጥሎ ብዛት። ቀጥሎ ዋጋ። አለቀ። አቅራቢው ካታሎጉን ይገልጣል፣ አይኤስኦ 5 የሚል ያለበትን ይመርጣል፣ ዋጋ ይሞላል። ገዢውም የጠየቅኩት መጣልኝ ብሎ ይፈርማል። ጣጣው የሚመጣው ዕቃው ተገጥሞ ሥራ ሲጀምር ነው።

ይህ ጽሑፍ ስለዚያች አንድ መስመር ነው። ቁጥሩ ውሸት አይደለም። ግን ብቻውን ብዙ አይነግርም። ጅማ ላይ ደግሞ ከሌላው ቦታ ያነሰ ይነግራል።

ክሊንሩም ማለት አየሩ ከብናኝ ተጣርቶ የሚጠበቅ የሥራ ክፍል ነው። ግሪፐር የሚባለው ደግሞ የሮቦት ክንድ ጫፍ ላይ የሚታሰረው መያዣ ነው። አንዳንዱ በሁለት ጣት ይቆነጥጣል። አንዳንዱ በጎማ ይመጣል። አንዳንዱ ጭራሽ ሳይነካ ያነሳል። ክንዱ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ቺፑን ወይም ስክሪኑን የሚነካው ይሄ ትንሽ ዕቃ ነው። ቆሻሻም፣ ጭረትም፣ ስታቲክም (በመፋተግ የሚጠራቀመው ኤሌክትሪክ) ወደ ምርቱ የሚሻገሩበት ድልድይ እሱ ነው።

ጅማ ላይ ቁጭ ብሎ ስለዚህ ማውራት ቅንጦት ሊመስል ይችላል። የከተማዋ ስም የሚነሳው ከቡና ጋር እንጂ ከቺፕ ጋር አይደለም። እውነቱን ለመናገር፣ እኔም የቺፕ ፋብሪካ ነገ ጅማ ይተከላል ብዬ አላምንም። ዌፈር (ቺፕ የሚሠራበት ስስ ክብ ገበታ) ላይ ትራንዚስተር የሚሠራ ፋብሪካ በቢሊዮን ዶላር የሚቆጠር ገንዘብ፣ ለአፍታ የማይቆራረጥ መብራትና እጅግ ብዙ የተጣራ ውኃ ይፈልጋል። ከዚያ በታች ያለው ሥራ ግን ሌላ ነው። ሰርኪት ቦርድ መገጣጠም፣ ስክሪን ማጣበቅ፣ የካሜራ ሌንስ መግጠም፣ ሴንሰር ማሸግ። ስልክ መገጣጠም ለአገራችን አዲስ ነገር አይደለም። ጎረቤት ኬንያ ደግሞ ኒየሪ ውስጥ፣ ዴዳን ኪማቲ ዩኒቨርሲቲ ግቢ፣ የሰሚኮንዳክተር ድርጅት አላት። እዚህ ጅማ በ2011 ዓ.ም. የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክ አለ። ኪቶ ፉርዲሳ ያለው የጅማ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት በየዓመቱ መሐንዲሶች ያስመርቃል። ዛሬ ላብ ውስጥ የሮቦት ክንድ የሚነካካ ተማሪ ነገ የግዢ ኮሚቴ ላይ ይቀመጣል። ያቺን አንድ መስመር የሚጽፈው እሱ ነው።

ቁጥሩ ምን ይለካል?

አይኤስኦ 14644 የሚባለው መስፈርት ክሊንሩሞችን ከ1 እስከ 9 ይመድባል። ቁጥሩ ባነሰ መጠን ክፍሉ የበለጠ ንጹሕ ነው። የሚቆጠረው በአንድ ሜትር ኩብ አየር ውስጥ ያለው ብናኝ ነው። አይኤስኦ 5 ላይ 0.5 ማይክሮንና ከዚያ በላይ የሆነ ብናኝ ከ3,520 መብለጥ የለበትም። አይኤስኦ 7 ላይ 352,000 ይፈቀዳል። አይኤስኦ 8 ላይ 3,520,000። የደረጃው ቁጥር በአንድ ከፍ ባለ ቁጥር የሚፈቀደው ብናኝ አሥር እጥፍ ይጨምራል ማለት ነው። የሰው ፀጉር ውፍረት 70 ማይክሮን ገደማ ስለሆነ፣ የምናወራው በዓይን ስለማይታይ ነገር ነው።

የድሮ ሰነዶች ደግሞ «ክላስ 100»፣ «ክላስ 10,000» ይላሉ። እሱ የአሜሪካኖች የቀድሞ መስፈርት ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2001 ተሰርዟል። ክላስ 100 ከአይኤስኦ 5 ጋር፣ ክላስ 10,000 ከአይኤስኦ 7 ጋር ይቀራረባል። ከኢንተርኔት ተገልብጦ የመጣ ስፔስፊኬሽን ላይ ሁለቱ ተቀላቅለው ከተገኙ አቅራቢው የሚመቸውን ይመርጣል። አይፈረድበትም።

ለዘመናዊ ቺፕ ፋብሪካ አይኤስኦ 5 ራሱ ብዙ ጊዜ አይበቃም። ለስክሪንና ለካሜራ ሥራ ከዚያ ላላ ቢልም አሁንም ጠበቅ ያለ ነው፤ በአብዛኛው ከ5 እስከ 7 ባለው መካከል ይወድቃል። ተራ ቦርድ መገጣጠሚያ ግን በአይኤስኦ 8 ይሠራል፤ ደረጃ ያልወጣለት ግን በደንብ የተያዘ ክፍል የሚበቃው ሥራም አለ። ታዲያ ሁሉም ነገር ላይ 5 ብሎ መጻፍ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው። ዋጋው ይንራል፣ መለዋወጫው ይጠፋል። ክፍሉ 8 ሆኖ፣ በላዩ ላይ ሦስት ሰው እየተመላለሰበት፣ ግሪፐሩ 5 መሆኑ እምብዛም ለውጥ አያመጣም። በዘርፉ በተለምዶ የሚጠቀሰው ግምት ዝም ብሎ የተቀመጠ ሰው እንኳ በደቂቃ 100,000 ገደማ ጥቃቅን ብናኝ ይለቃል ይላል። ሮቦት ክሊንሩም ውስጥ የገባውም በዋናነት ሰውን ለማስወጣት ነው።

ክብ ምልክቷ

ስለ ንጽሕና ጥሩ ትምህርት የሚገኘው ከመስፈርት መጽሐፍ ብቻ አይደለም። መርካቶ አካባቢ ካሉት ስልክ ጥገና ቤቶች አንዱ ውስጥ ግላስ ብቻ ሲቀየር አይቻለሁ። ልጁ መጀመሪያ ማራገቢያውን አጠፋ። በሩን ዘጋ። ጠረጴዛውን በእርጥብ ጨርቅ ወለወለ። የተሰበረውን ግላስ በሙቀት አላቅቆ፣ የድሮውን ሙጫ ጠርጎ፣ ስክሪኑ ላይ የቀረችውን አቧራ በፕላስተር ጫፍ እየነካ ለቀማት። ከዚያ አዲሱን ግላስ በትንሽ የጎማ መምጠጫ አነሳው። ጎማውን ሲያላቅቀው ግላሱ ጥርት ያለ ይመስል ነበር። እሱ ግን ወደ አፉ አስጠግቶ እፍ አለበት። ትንፋሹ ሲያርፍበት አንዲት ክብ ምልክት ብቅ አለች።

«ይሄ ክብ ምንድን ነው?» አልኩት።

«የጎማዋ ነው ጋሼ። በአልኮል ካልጠረግኩት ሙጫው እዚያ ጋ አይዝም፤ በኋላ አረፋ ይሠራል።»

ልጁ የነገረኝ ነገር ትልልቅ ፋብሪካዎች ብዙ ወጪ የሚያወጡበት ጉዳይ ነው። እንዲህ ያለው ጎማ ብዙ ጊዜ ሲሊኮን ነው። ሲሊኮን ለስላሳ ነው፣ ሙቀት ይችላል፣ ግላስ አይጭርም። ግን ከውስጡ ዘይት ነገር ይለቃል። የነካው ቦታ ላይ ስስ ሽፋን ይተዋል። ሙጫ፣ ቀለምና ሽፋን እዚያ ላይ በደንብ አይዙም። የሚተነውም ክፍል ሌንስ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ይህን የብናኝ ቆጣሪ አያየውም፤ ምክንያቱም ብናኝ አይደለም። አይኤስኦ 5 የተጻፈበት ግሪፐር ላይ ሲሊኮን ጎማ ተገጥሞ ሊመጣ ይችላል፤ ሁለቱ አይጋጩም። ቁጥሩ የሚናገረው አየር ውስጥ ስለሚንሳፈፍ ብናኝ ብቻ ነው። ስለ ተን የተለየ መመዘኛ አለ፤ የዚያው መስፈርት ክፍል 15። ስለዚህ የስክሪን ወይም የሌንስ ሥራ ከሆነ «ሲሊኮን የሌለበት» የሚለውን ቃል በግልጽ መጻፍ የገዢው ድርሻ ነው። አማራጭ ጎማዎች አሉ። ጠንከር ያለ ነገር ሲፈለግ ደግሞ ፒክ የሚባለው ፕላስቲክ ወይም ሴራሚክ ይገባል።

ብናኙ ከየት ይመጣል?

ከራሱ ከግሪፐሩ ነው። ኩሽኔታው ሲዞር፣ ተንሸራታቹ ሐዲዱ ላይ ሲሄድ፣ ጎሚኒው ከብረቱ ጋር ሲፋተግ፣ ግሪሱ ሲረጭና ሲተን። ጣቱ ዕቃውን በነካ ቁጥርም ጥቂት ይቀራል። ሰው የሚረሳው ደግሞ ኬብሉንና ቱቦውን ነው። ክንዱ በተንቀሳቀሰ ቁጥር ይታጠፋሉ፣ እርስ በርሳቸው ይታሻሉ። በጣም ንጹሕ ግሪፐር ላይ ተራ የፕላስቲክ ቱቦ አስረህ ብታሽከረክረው ብናኙን ቱቦው ያመርትልሃል።

ለክሊንሩም ተብሎ የተሠራው ስሪት ከተራው የሚለየው እነዚህን በመዝጋት ነው። ተንቀሳቃሹ ክፍል ይሸፈናል። አንዳንዶቹ የመሳቢያ ቀዳዳ አላቸው፤ ትንሽ ቫኪዩም ይያያዝበትና ውስጥ የተፈጠረው ብናኝ ወደ ውጭ ሳይወጣ በቱቦ ተስቦ ይሄዳል። ይህ ቀዳዳ ካልተገናኘ ግሪፐሩ ተራ ግሪፐር ሆነ ማለት ነው። ግሪሱም ተራ ግራሶ አይደለም፤ ፒኤፍፒኢ የሚባል በቀላሉ የማይተን ዓይነት ነው። ጥገና ላይ ያለው ባለሙያ ይህን ሳያውቅ ጋራዥ ያለውን ግራሶ ከቀባው ዕቃው በአንድ ከሰዓት ደረጃውን ያጣል። አካሉ ቀለም የተቀባ ሳይሆን አኖዳይዝድ (ላዩ ጠንካራ የኦክሳይድ ሽፋን እንዲይዝ የተደረገ) አሉሚኒየም ወይም ስቴንለስ ይመረጣል፣ ቀለም ይላጣልና። ዚንክ የተቀባ ቡሎንም አይወደድም። በጊዜ ብዛት ላዩ ላይ ፀጉር የመሰሉ ቀጫጭን የብረት ክሮች ሊያበቅል ይችላል፤ አንዷ ተሰብራ ቦርድ ላይ ካረፈች ሾርት ታደርጋለች።

አሁን ወደ ያቺ ቁጥር እንመለስ። አምራቹ አይኤስኦ 5 ሲል ምን አድርጎ ነው? ማሽን ለክሊንሩም ብቁ መሆኑ የሚለካበት መንገድ አለ፤ አይኤስኦ 14644 ክፍል 14። ጀርመኖች ደግሞ የራሳቸው ቪዲአይ 2083 የሚባል መመሪያ አላቸው። ሽቱትጋርት ያለው ፍራውንሆፈር አይፒኤ የሚባለው የምርምር ተቋም በዚህ ሥራ የታወቀ ነው። ግሪፐሩ በጣም ንጹሕ አየር በሚወርድበት ክፍል ውስጥ ይሰቀላል። ይከፈታል፣ ይዘጋል። ብናኝ ቆጣሪዎች ዙሪያውን ይለካሉ። ውጤቱ ደረጃ ሆኖ ይወጣል። ስለዚህ ቁጥሩ የተገኘው በተወሰነ ፍጥነት፣ በተወሰነ ጉልበትና በተወሰነ አቀማመጥ ነው። ዕቃውም አዲስ ነበር። በግማሽ ፍጥነት 5 ያገኘ ግሪፐር በሙሉ ፍጥነት 6 ሊሆን ይችላል። አንድ ሚሊዮን ጊዜ ከተከፈተና ከተዘጋ በኋላ ያለውን የሚያውቀው የለካው ብቻ ነው። ሰርተፍኬቱን ሳይሆን የፈተናውን ሪፖርት መጠየቅ ያለብን ለዚህ ነው። አምራቹ ሹንክም ይሁን ፌስቶ፣ ኤስኤምሲም ይሁን ሽማልትስ፣ ለጠየቀ ደንበኛ ዝርዝሩን ማቅረብ ያለበት አቅራቢው ነው። ዝም ካለ ዝምታውም መልስ ነው።

አቀማመጡን ሳንረሳ። ጥሩ ክሊንሩም ውስጥ አየር ከጣሪያ ወደ ወለል ቀጥ ብሎ ይወርዳል፤ በሰከንድ ግማሽ ሜትር ቢጠጋ ነው። ግሪፐሩ ከዕቃው በላይ ከሆነ የለቀቀው ሁሉ ዕቃው ላይ ያርፋል። ከጎን ወይም ከታች ከያዘ ብናኙ ወደ ወለል ይሄዳል። የዌፈር መያዣዎች በአብዛኛው ከሥር የሚገቡት ወይም ጠርዝ የሚይዙት ለዚህ ነው። ተመሳሳይ ግሪፐር በአቀማመጥ ብቻ ንጹሕም ቆሻሻም ይሆናል። ይህ ደግሞ ምንም ተጨማሪ ገንዘብ አይጠይቅም፤ ንድፉን የሚሠራው ሰው ቢያስብበት ብቻ ይበቃል።

ከፍታው የሚያመጣው ነገር

ካታሎጎቹ የተጻፉት ለባሕር ጠረፍ አየር ነው። ጅማ ግን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 እስከ 1,800 ሜትር ላይ ናት።

ቫኪዩም ግሪፐር ዕቃን የሚይዘው የውጭው አየር ስለሚገፋለት ነው። ከጎማው ውስጥ አየር ሲወጣ የከባቢው አየር ዕቃውን ጎማው ላይ ይለጥፈዋል። ስለዚህ የጉልበቱ ጣሪያ የአካባቢው የአየር ግፊት ነው። ባሕር ጠረፍ ላይ 101 ኪሎፓስካል ነው። በጅማ ከፍታ ወደ 82 ኪሎፓስካል ይወርዳል። አንድ አምስተኛው ያህል ገና ከመጀመሪያው የለም። አዲስ አበባ ላይ ደግሞ ከዚህም ዝቅ ይላል።

በቁጥር እንየው። 30 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ክብ ጎማ እንውሰድ። 85 በመቶ ቫኪዩም የሚፈጥር ኢጀክተር (የታመቀ አየር እየነፋ ቫኪዩም የሚሠራ መሣሪያ) ባሕር ጠረፍ ላይ 86 ኪሎፓስካል ያህል ይሰጣል፤ ጉልበቱ 61 ኒውተን ገደማ ይሆናል። ያው ኢጀክተር ጅማ ላይ 70 ኪሎፓስካል ላይ ይቆማል፤ ጉልበቱ ወደ 49 ኒውተን ይወርዳል። 200 ግራም ስልክ 2 ኒውተን ብቻ ስለሚመዝን ምንም አይጎዳንም ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። ለቀላል ዕቃ ጉልበቱ ይተርፋል። ከባድ ትሪ ወይም ሰፊ መስታወት በፍጥነት ሲንቀሳቀስ ግን ሌላ ሒሳብ ነው፤ የካታሎጉን ቁጥር በቀጥታ የተጠቀመ ሰው የደኅንነት ትርፉን ሳያውቅ በልቶታል።

ጉዱ ያለው ግን ጉልበቱ ላይ ሳይሆን ሴንሰሩ ላይ ነው። ቫኪዩም ግሪፐር ዕቃ መያዙን የሚያውቀው በግፊት ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ለምሳሌ ከከባቢው አየር በ75 ኪሎፓስካል ዝቅ ሲል «ይዣለሁ» እንዲል ተደርጎ ተሞልቷል እንበል። ባሕር ጠረፍ ላይ ይሠራል። ጅማ ላይ ያ ኢጀክተር ከ70 አያልፍም። ዕቃው ጎማው ላይ ጥብቅ ብሎ ተይዟል፤ ሮቦቱ ግን አልያዝኩም ብሎ ይቆማል። ባለሙያው ቱቦ ይፈትሻል፣ ጎማ ይቀይራል፣ ኢጀክተር ይቀይራል። የሚያፈስ ነገር የለም። መለወጥ ያለበት አንድ ቁጥር ነው። ይህን ያላወቀ ፋብሪካ መለዋወጫ ከውጭ ሲያዝ፣ ዶላር ሲጠብቅና ጉምሩክ ሲመላለስ ሊከርም ይችላል።

ኮምፕረሰሩም አይቀርለትም። 6 ባር ለመሙላት ባሕር ጠረፍ ላይ አየሩን ወደ ሰባት እጥፍ ገደማ ማመቅ ይበቃል። እዚህ ከስምንት እጥፍ በላይ ነው። ለተመሳሳይ ሥራ 20 በመቶ ያህል ተጨማሪ አየር ከውጭ መሳብ አለበት ማለት ነው። ኢጀክተር ደግሞ አየር በላተኛ ነው። ዌፈር ሳይነኩ የሚያነሱት በርኑሊ ግሪፐሮች ከእሱም ይብሳሉ። እነዚህ አየር በዙሪያቸው በፍጥነት ይነፋሉ፤ በመሃል ግፊቱ ይወርድና ዌፈሩ ወደ ላይ ይሳባል፣ የሚነፋው አየር ደግሞ እንዳይነካ ያግደዋል። ለስስ ዌፈርና ለሶላር ሴል ድንቅ ናቸው። 300 ሚሊሜትር ስፋት ያለው ዌፈር ውፍረቱ 0.775 ሚሊሜትር፣ ክብደቱም 130 ግራም የማይሞላ ስለሆነ ለማንሳት አያስቸግርም፤ አስቸጋሪው አለመንካቱ ነው። ግን የሚነፋው አየር እጅግ ንጹሕ መሆን አለበት። አለበለዚያ ዕቃው ላይ ቆሻሻ እየነፋን ነው።

አየሩን ማንጻት ደግሞ ጅማ ላይ ቀልድ አይደለም። ዝናቡ ረጅም ነው፤ ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ይጀምርና ከወጣም በኋላ ይቀጥላል። እርጥብ አየር ሲታመቅ ውኃው ይወጣል። የኮምፕረሰሩን ጋን ሥር ያለችውን ቫልቮላ ከፍቶ ያየ ሰው ምን ያህል እንደሚወርድ ያውቃል፤ ከኮምፕረሰሩ ዘይት ጋር ተቀላቅሎ ቡናማ ሆኖ ነው የሚወጣው። የታመቀ አየር ጥራት የሚመደብበት አይኤስኦ 8573 የሚባል መስፈርት አለ፤ ብናኝን፣ ውኃንና ዘይትን ለየብቻ ያያል። የግሪፐሩ ካታሎግ የትኛውን ደረጃ እንደሚጠይቅ ሳናይ ኮምፕረሰር መግዛት የተገላቢጦሽ ነው። በጋ ላይ ደግሞ የመንገዱ አቧራና ከቡና መፈልፈያ የሚነሳው የገለፈት ብናኝ አለ። የኮምፕረሰሩ መሳቢያ ወደዚያ ከዞረ ማጣሪያው ቶሎ ይታፈናል።

በአየር የሚሠራ ባለጣት ግሪፐርም ተመሳሳይ ጣጣ አለው። ርካሽ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ጠንካራ ነው። ነገር ግን በተከፈተና በተዘጋ ቁጥር ያገለገለውን አየር «ፍስ» ብሎ ይለቃል። ያ አየር ዘይትና ብናኝ ይዟል። ክሊንሩም ውስጥ በቱቦ ተሰብስቦ ወደ ውጭ መውጣት አለበት። የኢጀክተሩም ማስወጫ እንደዚያው።

በዚህ ሁሉ ምክንያት፣ በእኔ ግምት፣ ጅማ ላይ ለሚሠራ የኤሌክትሮኒክስ መስመር መጀመሪያ መታየት ያለበት የኤሌክትሪክ ግሪፐር ነው። በ24 ቮልት ይሠራል። የሚለቀው አየር የለም። ከፍታው የመያዝ ጉልበቱን አይነካውም። ጉልበቱና ፍጥነቱ በቁጥር ይስተካከላል፤ ስስ የካሜራ ዕቃ ላይ ቀስ፣ ወፍራም ቦርድ ላይ ጠበቅ ማድረግ ይቻላል። ውድ ነው፣ አዎ። ግን የኮምፕረሰሩን፣ የማድረቂያውንና የማጣሪያውን ዋጋ ያልደመረ ሰው ነው በአየር የሚሠራው ረከሰ የሚለው። ጠፍጣፋ ነገር፣ ስክሪንና መስታወት ላይ ግን ጣት አይሆንም፤ እዚያ ቫኪዩም ይገባል። የራሱ ትንሽ የኤሌክትሪክ ፓምፕ ያለውም አለ፤ ከኮምፕረሰሩ ያድናል፣ ከከፍታው ሒሳብ ግን አያድንም።

መብራት ሲሄድ

ይህን ጥያቄ ከውጭ የመጣ ካታሎግ በትልቁ አይጽፈውም፤ እኛ ግን በትልቁ መጻፍ አለብን። መብራት ሲሄድ ግሪፐሩ ዕቃውን ይለቃል ወይስ ይይዛል? አንዳንድ የኤሌክትሪክ ግሪፐሮች ውስጣቸው በራሱ የሚቆለፍ ጥርስ ወይም ብሎን ስላለ መብራት ቢጠፋም እንደያዙ ይቀራሉ። ሌሎቹ ይላላሉ። በአየር የሚሠራው ጣቱን እንደያዘ የሚያቆይ ስፕሪንግ ካለው ይይዛል፤ ከሌለው አየሩ እስኪያልቅ ነው። ቫኪዩም ላይ አየር ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚዘጋ ቫልቮላና ትንሽ ማጠራቀሚያ ካለ ጄኔሬተሩ እስኪነሳ ሊቆይ ይችላል። ከሌለ ስክሪኑ ወለሉ ላይ ነው።

ክፍሉም አብሮ ይታመማል። ክሊንሩም ከጎረቤቱ ክፍል ከፍ ያለ ግፊት ይዞ ነው ቆሻሻ አየር የማያስገባው። ማራገቢያው ሲቆም ግፊቱ ይጠፋል። መብራት ተመልሶ ሁሉም ሲነሳ ሮቦቱ ወዲያው ሥራ ከጀመረ፣ ክፍሉ ገና 5 ወይም 7 አይደለም። ግሪፐሩ ንጹሕ፣ አየሩ ቆሻሻ። ሮቦቱ የክፍሉን መልሶ መንጻት እንዲጠብቅ ፕሮግራሙ ውስጥ መግባት አለበት። ይህ የሚደረገው በሁለት ሦስት መስመር ኮድ ነው፤ ብቻ ቀድሞ ያሰበበት ሰው ይፈልጋል።

ስታቲክ

ስለ ስታቲክ አጠር አድርጌ ላለፍ አስቤ ነበር፤ ግን ቺፕ ከብናኝ እኩል በዚህ ይሞታል። ሰው ጣቱ ላይ ቆንጠጥ ሲለው የሚሰማው 3,000 ቮልት ገደማ ሲደርስ ነው። 100 ቮልት የማይችሉ ቺፖች አሉ። ስለዚህ ማንም ሳይሰማው፣ ምንም ብልጭታ ሳይታይ ዕቃው ሊበላሽ ይችላል። ክፋቱ ደግሞ ሁልጊዜ ወዲያው አይሞትም፤ ደንበኛው እጅ ከገባ በኋላ ይሞታል።

የግሪፐሩ ጣት ኤሌክትሪክ የማያሳልፍ ፕላስቲክ ከሆነ በራሱ ላይ ቻርጅ ያጠራቅማል። ታዲያ ብረት ይሁን? እሱም አደጋ አለው። ቻርጅ የያዘ ቺፕ በኧርዝ የታሰረ ብረት ሲነካ ቻርጁ በአንድ አፍታ ይፈሳል፤ የሚገድለው ፍጥነቱ ነው። የሚፈለገው መሃከለኛው ነው፦ ቀስ አድርጎ የሚያፈስ። በኦም ሲለካ ከ10,000 እስከ 100 ቢሊዮን ባለው ውስጥ ያለ ቁስ ነው። ለዚህ የተዘጋጁ የፒክና የፖሊዩሬቴን ዓይነቶች አሉ። ጣቱ ደግሞ እስከ ኧርዝ ድረስ በትክክል መያያዝ አለበት። አኖዳይዝድ የሆነ አሉሚኒየም ላዩ ኤሌክትሪክ ስለማያሳልፍ፣ መሃል ላይ መስመሩን ሊቆርጠው ይችላል። በሚለካ መሣሪያ ከጣቱ እስከ ኧርዝ ያለውን መለካት የደቂቃዎች ሥራ ነው።

በየላቡ በስሪዲ ፕሪንተር የሚወጡት ጣቶችስ? ለመማሪያ ግሩም ናቸው። ለክሊንሩም ግን አይሆኑም። በንብርብሮቹ መካከል ቆሻሻ ይደበቃል፣ ይላጣሉ፣ በተለመደው ፕላስቲክ ከተሠሩ ቻርጅ ይይዛሉ። ቅርጹን በእነሱ ሞክሮ የመጨረሻውን ከትክክለኛው ቁስ ማስቆረጥ ይሻላል። አየሩ ሲደርቅም ስታቲክ ይብሳል። ክረምት ላይ በደንብ የሠራ መስመር ታኅሣሥና ጥር ላይ ሊያስቸግር ይችላል፤ የክፍሉ እርጥበት ከ40 እስከ 60 በመቶ አካባቢ ካልተጠበቀ።

ያቺን መስመር እንደገና ብንጽፋት

ከዕቃው እንጀምር። ምን እናነሳለን? ስንት ግራም ነው? የትኛው ፊቱ ይነካል፣ የትኛው በፍጹም አይነካም? ዌፈር ከሆነ ጠርዙ ላይ ሁለት ሦስት ሚሊሜትር ብቻ ነው የሚፈቀደው። ከዚያ የክፍሉ ደረጃ፣ ከዚያ ዕቃው አጠገብ የሚፈለገው ደረጃ ይጻፍ፤ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ደረጃው በየትኛው ፍጥነትና አቀማመጥ እንደተለካ የሚያሳይ ሪፖርት ይጠየቅ። የሥራው ቦታ ከፍታና የአየር ግፊት፣ 82 ኪሎፓስካል ገደማ፣ በቁጥር ይግባ። መብራት ሲጠፋ ዕቃው መያዝ እንዳለበት ይጻፍ። ሲሊኮን የተከለከለ ከሆነ፣ የጣቱ ኦም ከስንት እስከ ስንት እንደሆነ፣ በምን ዓይነት ግሪስ እንደሚጠገን፣ አብሮ የሚመጣው ኬብልና ቱቦ ለክሊንሩም የተሠራ ስለመሆኑ ይጻፍ። ማጽጃውም ይጠቀስ። በአይሶፕሮፒል አልኮል በየቀኑ ቢጠረግ የማይጎዳ መሆን አለበት። እዚህ አገር ሰው እጁ ላይ ያገኘውን ቲነር ወይም ቤንዚን የሚያነሳበት ጊዜ አለ፤ ብዙ ፕላስቲክ ደግሞ ቲነር አይችልም።

የሚያልቅ ዕቃም ከዋናው ዕቃ ጋር አብሮ ይገዛ። ጎማ ያልቃል፣ የጣት ጫፍ ያልቃል፣ ጎሚኒ ያልቃል። 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ አዲስ አበባ ላይም የማይገኝ ጎማ ብዙ ነው። የሁለት ዓመት ጎማ ከግሪፐሩ ጋር በአንድ ሳጥን ቢመጣ፣ በአንድ ጉምሩክ ያልፋል።

ከክፍያው የተወሰነው ደግሞ ከተረከብን በኋላ ይከፈል። ርክክቡ ጅማ ላይ፣ በራሳችን ክፍል ውስጥ፣ በራሳችን አየር ይሁን። ግሪፐሩ በሥራ ፍጥነቱ ይሽከርከር፤ ብናኝ ቆጣሪው ዕቃው በሚቆምበት ቦታ ይቀመጥ። ሴንሰሩ የያዘውን እንደያዘ፣ ያልያዘውን እንዳልያዘ ይናገር። ግላስ ካነሳ ጎማው ባረፈበት ቦታ ላይ አንድ ሰው እፍ ይበልበት፤ ከክሊንሩሙ ውጭ ወስዶ፣ እርግጥ ነው። መሃል ላይ ደግሞ ሳይነገር ማብሪያው ይጥፋ። አቅራቢው ቅር ቢለው ይሻለዋል፤ ስክሪኑ ከወደቀ የወደቀው ገና በእሱ ሒሳብ ነው።